ሁለት ጣት ትርፍ

ጥቅምት 6

ለማሙሽ፣ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከናፍቆትህና ከረሃቤ በስተቀር ደህና ነኝ። በደብዳቤ እንጻጻፍ ያልከው ሐሳብ ተመችቶኛል። በስልክማ አንተም ድምፅህን ታሳምራለህ፣ እኔም አሳምራለሁ፣ ሁለት ውሸታሞች «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ መዋሸት ትንሽ ያሳፍራል።

ሐኪሙ ያለኝን ለምን እንደደበቅሁህ ጠይቀሃል። አልደበቅሁህም፣ አቆየሁት እንጂ። ደማችን ገጥሟል፣ ኩላሊቶቼም ጤነኞች ናቸው፤ ይህን ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ እንዲህ ወፍሬ እያለሁ አንዷን አውጥተው ላንተ እንደማይሰጡህ ነው። ለእኔም አደጋ አለው፣ ቁስሉም አይድንም አሉ። የዚህ ከተማው ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው፤ አፍሮ ወለል ወለሉን እያየ «እናቴ፣ ትንሽ ቀንሰሽ ተመለሽ» አለኝ። አፈር ስሆን! ወንድሜ በሳምንት ሦስቴ ከእጥበት ማሽን ጋር ታስሮ እየዋለ፣ ከዚያ እንዳይወጣ የያዘው የእኔ ሆድ ነው? ከወንበሩ ስነሳ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ለማንኛውም ጀምሬአለሁ። ዳቦ የለ፣ ስኳር የለ፣ ዘይት የለ፣ ከመሸ በኋላ መብላት የለ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ከጀመርኩ እንዲህ ነው። አሁን ስንት ኪሎ እንደሆንኩ ግን አትጠይቀኝ። የምደርስበት ሰባ ነው። ሰባ ስገባ ራሴ ሄጄ ሚዛኑ ላይ እቆምልሃለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዳትለኝ ደግሞ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አንተን ማን ይጠብቅሃል?

ሥራው ደህና ነው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮ የስፌት መኪናዬን ሊውጣት ነው። ትናንት አንድ ኮሌታ ዘሞብኝ ሦስቴ ተርትሬ ሰፋሁት፤ ልጁ እንደሆነ በሳምንቱ አኝኮ ይጨርሰዋል። ፀጉር ቤትህን ማን ከፍቶልህ ይውላል? ጥሙንስ እንዴት ነው የምትችለው? ባለቤትህን ሳምልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 19

ለእትዬ ተርታሪዋ፣

ደብዳቤሽ እዚሁ እጥበቱ ክፍል ደረሰኝ። ማሽኑ ደሜን እያዞረ እኔ አንቺን አነበብኩ። ወንበሮቻችን በግድግዳው ዙሪያ ናቸው፤ የእኔ ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚገባውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማየው ፀጉሩን ነው። ሙያ መቼም አይለቅም። ከጎኔ የሚተኙት ጡረተኛ ዳኛ ማጅራታቸውን እንዳስተካክልላቸው ለምነውኝ መቀስ አስመጥቻለሁ። ሱቁን ባለቤቴ አከራይታዋለች። አትዘኚ፣ እኔም ዝም ብያለሁ።

ጥሙን እንዴት ነው የምትችለው ብለሻል። አልችለውም። ለቀን የተፈቀደልኝ ሁለት ኩባያ ፈሳሽ ነው፣ ሾርባውም ከዚያው ይቆጠራል። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ወጣ ስትል ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብዬ እንደ በሬ ጠጣሁ። ምን አለፋሽ፣ ተነፋሁ። እግሬ ጫማ አልገባ አለ፣ ጋደም ስል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ሰኞ ሲስተሯ ፊት አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ምን ያለችኝ ይመስልሻል? «ዛሬ ትንሽ ጨምረን እናወጣለን። ረቡዕ በሰዓትህ ና።» በቃ፣ ይኸው ነው። አፍሬ ብቀር ኖሮ ነበር የምሞተው።

ያንን ሁሉ «የለ፣ የለ» ስትደረድሪው ግን ፈራሁልሽ። የሚበላ ነገር ሁሉ ከለከልሽ፣ አየር ብቻ ነው የቀረሽ። ለመሆኑ ሰባ ያለሽ ሐኪሙ ነው? አንቺ እኮ ሰባ ኪሎ የነበርሽው እኔ ጥርሴን ስነቅል ነው። ለእኔ ስትይ እንዳትታመሚብኝ። አንድ በሽተኛ ለአንድ ቤት ይበቃል።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ማሙሽ፣

ሁለት ጊዜ ጽፈህ ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ። ታመሽ ነው ወይ ብለሃል፤ ብታመም ይሻለኝ ነበር።

ቬሎ የሰፋሁላት ልጅ ሠርጓ ላይ ጠራችኝ። ቀሚሷ ላይ እንከን እንዳለ እያየሁ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ ወደ ምግቡ ዞር አላልኩም። መጨረሻ ላይ እናቷ በእጃቸው ኬክ ይዘው መጡ፤ ሞቼ እገኛለሁ ቢሉኝ በላሁት። አንድ ቁራሽ ናት። ግን ቤቴ እስክደርስ «በቃ፣ ተበላሸ» ስል ነበር። አንዴ ከተበላሸማ ብዬ ሱቅ ገብቼ ሙሉ ዳቦ ገዛሁ፤ ቆሜ፣ ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ፣ በማርማላታ ጨረስኩት። በነጋታው ደግሞ ከሰኞ አዲስ እጀምራለሁ፣ እስከዚያ ግን ያው ነው አልኩ። ሰኞ መጣ። ጠዋት ሻዬ ላይ ሳላስበው ስኳር ጨመርኩ። ይኼም ሰኞ ተበላሸ፣ የሚቀጥለው ይሁን አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስንት ሰኞ አቃጠልኩ መሰለህ።

የቀነስኩት ሁሉ ከነወለዱ ተመለሰ። አንተ ሁለት ኩባያ ውኃ ለመጠጣት እየተጨነቅህ፣ እኔ አፌን መዝጋት አቃተኝ። ወንድሜን ለአንድ ቁራሽ ኬክ ሸጥኩት ብዬ ነው የምጽፍልህ? ብዕር ስይዝ እጄ እምቢ እያለኝ ነው የቆየሁት። ራሴን ጠልቻለሁ፣ ማሙሽ። ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

እኔን! ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ? አንጀቴን በላሽው። በአንድ ቁራሽ ኬክ የሚሸጥ ኩላሊት ካለ አድራሻውን ላኪልኝ፣ እዚህ ገዢው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። መቀስ መያዝ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሽራ መጣ፣ ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ እየጠበቁት። ቆረጥኩት፣ አማረበት። ከቀኝ ጆሮው በላይ ግን ትንሽ የበዛ መሰለኝና ነካሁት። ያኔ ግራው በዛ። ግራውን ስነካ ቀኙ በዛ። ሰውየው በመስታወቱ እያየኝ ነው፣ ላቤ ይንጠባጠባል፣ ላስተካክል ላስተካክል እያልኩ ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ አናቱ ላይ ደረስኩ። በመጨረሻ ምን አማራጭ አለኝ? ላጨሁት! ሙሽራው ተላጭቶ ሠርጉ ቤት ገባ። ለአንድ ዓመት በዚያ ሰፈር አላለፍኩም። እግዚአብሔር ይመስገን ተጋቡ፣ ወለዱም።

ኬኩን በላሽ፣ በቃ በላሽው። ያበላሸሽ ኬኩ አይደለም፤ ዳቦውም ቢሆን እሺ፣ ዳቦ ነው። ጉድ የሠራሽ ያ ሰኞ ነው። ሰኞን እርሺው። ጠዋት ከሳትሽ ከምሳ ጀምሮ ቀጥዪ። ምሳ ላይ ከሳትሽ ማታ ቀጥዪ። ከመሃል መቀጠል የሚያሳፍርሽ ለምንድን ነው? እኔ ደግሞ ዳቦ የማትበላ እህት አልፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ቁራሽ ብዪ። እዚህ ያለችው የምግብ ባለሙያም ይህንኑ ነው ያለችኝ፣ ከኪሴ አላወጣሁትም።

ጽሑፌ ቢጣመም አትገረሚ፣ ክንዴ ትንሽ አብጦ ነው። ምንም አይደለም።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ማሙሽዬ፣

እሰይ እንድትለኝ ነው የምጽፈው፣ እሰይ በለኝ!

ከመሃል መቀጠል እንዴት ሆነልሽ ብለሃል። መጀመሪያ ጥርሴን አሳከከኝ። የዘመመ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት እንደመቀጠል ነው የሆነብኝ። ግን ጎረቤቴ ጡረተኛዋ አዋላጅ ጠዋት ጠዋት ትወስደኝ ጀመር። ጉልበቷን ያማታል፣ እኔ ደግሞ አለከልካለሁ፤ ሁለታችን ስንሄድ ኤሊ ብታየን ትስቃለች። ከድልድዩ መለስ እንላለን። ዝናብ ከሆነ እንቀራለን፣ በማግስቱ እንወጣለን። ባለፈው ሳምንት ድስት ሙሉ ማካሮኒ ሠርቼ ግማሹን በላሁት። ድሮ ቢሆን ድስቱን ልሼ ከሰኞ እል ነበር። ማልቀሱን አልተውኩም፣ አለቀስኩ፣ ግን ጠዋት አዋላጅዋ በር ስታንኳኳ ጫማዬን አድርጌ ጠበቅኋት።

ቀሚሶቼን ሁሉ አጥብቤአለሁ። አንዷ ደንበኛ «ምን ነካሽ፣ አሞሻል እንዴ?» ብላ ደነገጠችልኝ። ደስ ሲለኝ! ሰው አመመሽ ሲባል ደስ ይለዋል?

ታዲያ ለምን ሐኪሙ ዘንድ አትሄጂም ብለሃል። ሦስተኛ ጊዜህ ነው። አልጨረስኩማ፣ ማሙሽ። ስፒል የተሰካበትን ልብስ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። አንዴ ሄጄ ገና ነሽ ብለው ቢመልሱኝ ሁለተኛ የምሄድበት ዓይን የለኝም። ሰባ ልግባ፣ ያኔ ማንም ምንም አይለኝም። ትንሽ ነው የቀረኝ። ትንሽ ታገሠኝ፣ በሞትኩት።

ፖስታው ላይ አድራሻዬን የጻፈችው ባለቤትህ ናት። ለምን? አንተ ራስህ ነህ ሁልጊዜ የምትጽፈው። ክንድህስ?

እህትህ


መጋቢት 20

እትዬ፣

ይህን የምትጽፈው ባለቤቴ ናት፣ እኔ እየነገርኳት። እያለቀሰች ስለምትጽፍ ቀለሙ ቢፈስ ይቅርታ።

ደብቄሻለሁ፣ አሁን ልንገርሽ። ለማሽኑ ክንዴ ላይ የተሠራው የደም ሥር ተደፈነ። አሁን የምታጠበው በአንገቴ በገባ ቱቦ ነው። በቱቦው በኩል ሁለት ጊዜ ኢንፌክሽን ገባብኝ፣ ሁለተኛው ላይ ራሴንም አላውቅ ነበር። ልቤም ደክማለች ይላሉ። ከጎኔ የነበሩት ዳኛ አሁን የሉም።

ትናንት ዋናው ሐኪም አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎ «እህትህ የት ደረሰች?» አለኝ። «ሰባ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል» አልኩት። «ማን ነው ሰባ ያላት?» አለ። ከእናንተ ሆስፒታል የተላከውን ፋይልሽን አስመጥቶ አየው። ከሰማንያ አምስት በታች ነው የሚለው። እትዬ፣ ሰባ ከየት መጣ? ቀሚሶቼን አጠበብኩ ያልሽኝ የካቲት ላይ ነው። ያኔ ስንት ነበርሽ?

ተናድጃለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄብሽ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እትዬ፣ የብብትሽ እኔ ነኝ! እንከን የሌለባት እህት ላኩልኝ ብዬ የጠየቅሁት ማንን ነው? አንቺን ነው የጠየቅሁት፣ ከነማካሮኒሽ።

ፈርቻለሁ። ሌላ ሰው ፊት እቀልዳለሁ፣ አንቺን ግን ልዋሽሽ አልችልም። ማታ ማታ ዓይኔን መጨፈን እፈራለሁ። ተነሺ ሂጂ። ነገ ሂጂ።

ወንድምሽ


መጋቢት 27

ማሙሽ፣

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ሄድኩ። ጠዋት ዳቦዬን በልቼ፣ ሹራቤን ለብሼ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ጫማዬን ላውልቅ ብዬ ጎንበስ አልኩና ተውኩት። ከነጫማዬ ሰማንያ ሁለት።

ልጅ እግሩ ሐኪም «ከመቼ ጀምሮ ነው ከሰማንያ አምስት በታች የሆንሽው?» አለኝ። ከጥር መጨረሻ አልኩት፤ አዋላጅዋ ቤት ሚዛን አለ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ ምርመራው ክፍል በሩን ከፈተልኝ። ቢቆጣኝ እንዴት በወደድኩ።

ሰባ ከየት መጣ ብለሃል። ከእጄ ነው የመጣው። ልብስ ስቆርጥ በልኩ ቆርጬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ፤ ለስፌቱ፣ ለስህተቱ፣ ለማይታወቀው። ሐኪሙ ሰማንያ አምስት ሲለኝም እጄ የለመደውን አደረገ። ሰማንያ አምስት ቢሆን አንድ ቀን ሰማንያ ስድስት ብገኝስ? ሰማንያ ይሁን። ሰማንያስ ማን አየበት? ሰባ አምስት። እንዲህ እያልኩ ወረድኩና ሰባን ሐኪሙ የተናገረው አስመሰልኩት። ለራሴም ጭምር። አንተ መጀመሪያ ስትጠይቀኝ መልስ ያልሰጠሁህ ለዚህ ነው። ጨርቅ ላይ ትርፉ ከጨርቁ ነው የሚወጣው። የዚህኛው ትርፍ ግን የወጣው ካንተ ዕድሜ ነው። ሁለት ወር ያህል ጊዜህን በላሁ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልብህ ደከመች። ይህ ተተርትሮ እንደገና የሚሰፋ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፣ አሁን ካልነገርኩህ ደግሞ ማቆየት እጀምራለሁ። ኩላሊቶቼን በማሽን አነሱኝ። ላንተ የሚያወጧት ኩላሊት ደም የሚገባላት እንደ ሰው ኩላሊት በአንድ ሥር አይደለም፣ በሁለት ነው፣ አንደኛው ደግሞ ቀጭን ነው። ቀዶ ጥገናው ይረዝማል፣ መስፋቱም አስቸጋሪ ነው፣ ግን ይሆናል ብለዋል። ሌላኛዋ የባሰች ናት። ስሰማ የመጣልኝን ልንገርህ? «ሌላ ሰው ይፈለግ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለወንድሜ አልሰጥም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ዘጋሁት። የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅሁ።

እየመጣሁ ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 15፣ ከታችኛው ፎቅ

ማሙሽ፣

አንድ ደረጃ ለይቶን በነርስ እጅ መጻጻፋችን ያስቃል፤ ወደ እኔ እንዳትመጣ ያንተ ድካም፣ ወደ አንተ እንዳልመጣ ከውጭ ይዤ የምገባው ጀርም ብለው ከለከሉን። ሳልህን ግን በደረጃው በኩል እሰማዋለሁ።

ትናንት የላክኸውን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አቅፌው አደርኩ። «ብሞት ራስሽን ትወቅሻለሽ ወይ?» አዎ፣ እወቅሳለሁ። አልወቅስም ብልህ ውሸቴን ነው፣ አንተም አታምነኝም። ቢዘገይብህ በእኔ ነው፣ ይህን እስክሞት አውቀዋለሁ። ግን ወቀሳዬን ልጨርስና ንጹሕ ሆኜ ልስጥህ ብል ዛሬም አይደርስም፣ ነገም አይደርስም። ስለዚህ እንዲሁ እሰጥሃለሁ። እየፈራሁ፣ እያፈርኩ፣ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ሆኜ። አዎ፣ አንድ ጨምሬአለሁ፣ መንገድ ላይ ብስኩት በልቼ ነው።

ኩላሊቷ ጎደሎ ናት። ከዚህ የተሻለች ብትኖረኝ ያችኛዋን እሰጥህ ነበር፣ የለችኝም። እንዳለች ተቀበላት።

አልጋውን እየገፉ መጡ። ሲስተሯ ብዕሩን ስጪኝ እያለችኝ ነው።

እህትህ


ሚያዝያ 18፣ ከላይኛው ፎቅ

እትዬ፣

ሲስተሯ ልጻፍልህ አለችኝ፣ እምቢ አልኩ። በራሴ እጅ ነው፣ የተጻፈው ካልተነበበልሽ ይቅርታ።

ሁለት ቀን ምንም የለም። ሐኪሞቹ እየመጡ ቱቦውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይወጣሉ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጸልያለች። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ አልዋሽሽም። ዛሬ ንጋት ላይ አልጋዬ ሥር ያለችው ከረጢት ውስጥ ጠብታ ታየ። ከዚያ ሌላ። ከዓመት በላይ ቆይቼ እንደ ሰው ሸናሁ፣ እትዬ። ባለቤቴ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር አየችው።

ዋናው ሐኪም መጥቶ ለካው፣ ወረቀቱን አገላበጠ። «ቶሎ ደስ እንዲልህ አልፈልግም» አለኝ። «ደሙ በቀጭኑ ሥር በደንብ አይገባም። ኩላሊቷ የምትሠራው በከፊል ነው፣ ምናልባት ወደፊትም በሙሉ አቅሟ ላትሠራ ትችላለች።»

ለእኔ ትበቃኛለች አልኩት።

ማሙሽሽ